በረሃን ከባለቤቶቹ የተማረ ሰው፤ የዊልፍሬድ ቴሲጀር የሕይወት ታሪክ

ማናቸውም ሰው አስቀድሞ የሚማረው የተወለደበትን አገር ነው። የደጋ ልጅ ክረምትንና በጋን፥ የዘርንና የመከርን ጊዜ እየለየ ያድጋል። የባሕር ዳር ልጅ ነፋሱን አይቶ ጀልባ የሚወጣበትን ቀን ያውቃል። የበረሃ ልጅ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ውሃን ነው፤ ይኸውም ውሃ የት እንዳለ፥ እስከዚያ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ፥ ጕድጓዱም የማን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። በዛሬው ዘመን ይህን ዕውቀት በማሠልጠኛ ስፍራ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። ነገር ግን አስተማሪ ለመሆን የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ተማሪ መሆን ይገባዋልና፥ የበረሃ አስተማሪ የሚሆነውም ሰው ከማን እግር ሥር ተቀምጦ ሊማር እንደሚገባው መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ጥያቄ መልካም መልስ የሚሰጠው፥ በአዲስ አበባ ተወልዶ የመጀመሪያውን ታላቅ ፈተናውን በጅቡቲ የፈጸመው የእንግሊዛዊው የዊልፍሬድ ቴሲጀር ሕይወት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ሰውዬው ከመናገር በፊት ስለ ስፍራው ጥቂት ማለት ይገባል። የጅቡቲ ከተማ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በፈረንሳዮች የተቈረቈረች ናት። ከፊቷ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ተዘርግቶ ይታያል፤ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ከእርሷ እጅግ የሚበልጥ ዕድሜ ያላት የታጁራ ከተማ ትገኛለች። ከበስተ ኋላዋ ያለው ምድር ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። በዚያም መካከል ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የአሳል ሐይቅ ተኝቷል፤ ዳርቻውም እንደ በረዶ የነጣ ጨው ነው። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከተማዪቱም የምትጠጣውን ውሃ ለብዙ ዘመን ያገኘችው በአምቡሊ ከተቈፈሩት ጕድጓዶች ነው። ለኢትዮጵያ ግን ይህች ሞቃት ከተማ የባሕር በር ሆነች፤ የምድር ባቡሩ ከእርሷ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ስለዚህ በመርከብ ለሚመጣ መንገደኛ ጅቡቲ የጕዞ መጀመሪያ ነበረች። ለቴሲጀር ግን የጕዞ መጨረሻ ሆነች።

ዊልፍሬድ ቴሲጀር ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ተወለደ። አባቱ በኢትዮጵያ የእንግሊዝ መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ። ሌጋሲዮኑ ገና በድንጋይ ተሠርቶ ስላላለቀ ልጁ የተወለደው በጭቃ በተመረገ ጎጆ ቤት ነው። ሕፃንነቱን ያሳለፈው በእንጦጦ ተራራ ሥር ፈረስ እየጋለበ ነው። በስድስት ዓመቱም ከኅሊናው ያልጠፋ ነገር አየ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የሰገሌ ጦርነት ከተፈጸመ በኋላ፥ የራስ ተፈሪ ሠራዊት ድል አድርጎ ሲመለስ በጃን ሜዳ ሲያልፍ ተመለከተ። በዚያው በጭንቀቱ ወራት የራስ ተፈሪ ልጅ ሕፃኑ አስፋ ወሰን በሌጋሲዮኑ ተጠልለው ነበርና፥ በሁለቱ ቤተ ሰቦች መካከል የጸና ወዳጅነት ተመሠረተ። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ቤተ ሰቡ ወደ እንግሊዝ አገር ተመለሰ፤ ብዙ ሳይቈይም በ1912 ዓ.ም. አባቱ ሞቱ።

በእንግሊዝ አገር በታወቁት በኢተን ትምህርት ቤትና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። በኦክስፎርድ ታሪክ አጠና፤ በቦክስ ግጥሚያም የዩኒቨርሲቲው ተወካይ ሆነ። ልቡ ግን በተወለደበት አገር ነበረ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ፥ የአባቱን ወዳጅነት አስታውሰው ገና ተማሪ የነበረውን ወጣት በስሙ ጋበዙት። በዓሉ ከተፈጸመ በኋላ ቴሲጀር ወደ አዋሽ ቈላ ወርዶ አንድ ወር ያህል በአደን አሳለፈ። በዚያም ሳለ አንድ ጥያቄ አደረበት። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ የሚመነጨውና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው ታላቁ የአዋሽ ወንዝ ወደ ባሕር አይደርስም፤ እንግዲያስ የት ገብቶ ይቀራል?

እውነቱን ለመናገር ይህ ጥያቄ ለአውሮፓውያን እንጂ ለአገሩ ሰዎች ጥያቄ አልነበረም። የአውሳ አፋሮች የወንዙን መጨረሻ የቤታቸውን ደጃፍ እንደሚያውቁ ያውቁት ነበር። ከእነርሱ ውጭ ያለው ሰው ያላወቀው፥ ወደ አገራቸው ለመግባት የሞከረ ብዙ ጊዜ በሕይወት ስላልተመለሰ ነው። ቬርነር ሙንዚንገር የግብጽን ወታደሮች ይዞ ወደ አውሳ ሲገባ በ1868 ዓ.ም. ከጦሩ ጋር ጠፋ። ኢጣልያዊው ጁሊየቲ በ1873 ዓ.ም.፥ ሌላው ኢጣልያዊ ቢያንኪ ደግሞ በ1877 ዓ.ም. በአፋር በረሃ ተገደሉ። በ1920 ዓ.ም. ኔዝቢት የተባለው መሐንዲስ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከደቡብ ወደ ሰሜን በረሃውን አቋርጦ ለማለፍ ቻለ፤ ሆኖም የአዋሽን መጨረሻ ተከትሎ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ የወጣ አውሮፓዊ አልነበረም።

ቴሲጀር ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በ23 ዓመት ዕድሜው ለዚህ ጕዞ ተነሣ። በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት የኖሩት ኮሎኔል ሳንፎርድ በምክርም በዝግጅትም ረዱት። ኅዳር 22 ቀን 1926 ዓ.ም. ግመሎችና ብዙ ሰዎች፥ ከመንግሥትም የተሰጡ ዘብ ጠባቂ ወታደሮች ይዞ ከአዋሽ ጣቢያ ተንቀሳቀሰ። የጓዙ አለቃ ዑመር የተባለ ሱማሌ ነበረ፤ ይህ ሰው ቋንቋና ትዕግሥት ስለ ነበረው ከወታደሮቹ ጠመንጃ ይልቅ የእርሱ አንደበት ጕዞውን ጠበቀው። አብሮት የመጣው እንግሊዛዊ ጓደኛው ግን ታሞ ተመለሰ። ጥቂት መንገድ ከሄዱ በኋላ በጎሣዎች መካከል ጠብ ስለ ነበረ መንግሥት ለወጣቱ ሕይወት ፈርቶ እንዲመለስ አዘዘው። ቴሲጀርም ተመልሶ በአዲስ አበባ ሳምንታት ያህል ደጅ ጠንቶ ፈቃዱን እንደ ገና ካገኘ በኋላ ጕዞውን ቀጠለ። የበረሃ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበረ፤ የማይታገሥ ሰው በዚያ መንገድ ሩቅ አይሄድም።

በአፋር አገር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሳይነጋገሩ አይተላለፉም። ቁጭ ብለው የመጡበትን ስፍራ ወሬ፥ ዝናብ የዘነበበትን፥ ሣር የበቀለበትን፥ ጠብ ያለበትን ሁሉ ይለዋወጣሉ፤ ይህም ዳጉ ይባላል። በዚህ ልማድ ምክንያት ቴሲጀር ገና ሳይደርስ ወሬው በፊቱ ይሄድ ነበር። በመጋቢት ወር 1926 ዓ.ም. የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ በጫካ መካከል ባለ ሜዳ ላይ፥ በጨረቃ ብርሃን፥ ብዙ የታጠቁ ሰዎቻቸውን አሰልፈው ተቀበሉት። ከእርሱ በፊት የመጡት ሰዎች የጠፉት በዚህ በረሃ መሆኑን ወጣቱ ያውቅ ነበር። ሱልጣኑ የአውሮፓ ሰው ወደ አገራቸው መግባቱን የሚወዱ አልነበሩም፤ የአንዱ መንገደኛ መምጣት የብዙ ጦር መምጣት መጀመሪያ እንደሚሆን ይሰጉ ነበርና። ስጋታቸውም ከንቱ አልነበረም። ሆኖም ከተነጋገሩ በኋላ ወንዙን ተከትሎ እንዲያልፍ ፈቀዱለት። እርሱም ሄዶ አዋሽ በአቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር በዓይኑ ተመለከተ።

ወንዙን ያገኘ ሰው ገና ነፍሱን አላተረፈም። ከአቤ ሐይቅ እስከ ባሕር ያለው ምድር በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ የሱማሌ ጠረፍ ግዛት ሥር የነበረና በዚያ አካባቢ ካለው ሁሉ የከፋ ነበረ። በዲኪል የፈረንሳይ ወታደሮች ሰፈር ነበረ፤ የሰፈሩ ሹም አልቤር በርናር በጥር 1927 ዓ.ም. በዚያው በረሃ ከወታደሮቹ ጋር ተገድሏልና፥ የአገሩ አስቸጋሪነት ከዚህ ይታወቃል። ቴሲጀርና ሰዎቹ ሣር በሌለበት በጥቁር ድንጋይ ላይ፥ በአሳል ሐይቅ አጠገብ አልፈው ሄዱ። ድንጋዩ የግመሎቹን እግር ይቈርጥ ነበር፤ መኖም ስላልተገኘ ግመሎቹ በረኃብ እየወደቁ አብዛኞቹ በመንገድ ቀሩ። ግመል ሲወድቅ የሚጠፋው አንድ እንስሳ ብቻ አይደለም፤ በጀርባው ያለውም የውሃ ቀርበታ ተሸካሚ ያጣል። ግንቦት 12 ቀን 1926 ዓ.ም. ከባሕሩ ዳር ታጁራ ደረሱ። ከታጁራም በጀልባ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረው ጅቡቲ ገቡ። በዚያችም ከተማ ቴሲጀር ለወራት ሞትንና ሕይወትን አብረውት ካዩት ሰዎች ጋር ተሰነባብቶ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተመለሰ።

ወጣቱ በጅቡቲ ወደብ ሲቆም ስሙን የሚያስጠራ ሥራ ፈጽሞ ነበር። የበረሃን ትምህርት ግን ገና አልጨረሰም። በዚህ ጕዞ የሄደው እንደ ጌታ ነበር፤ ድንኳኑ ለብቻው፥ ማዕዱም ለብቻው ነበረ። ውሃውን የሚያገኙለት፥ ግመሉን የሚጭኑለት፥ ከባላገሩ ጋር የሚነጋገሩለት ሌሎች ነበሩ። በሌላ ሰው ዕውቀት በሕይወት መቈየትና ዕውቀቱን ራስ መያዝ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ጅቡቲ ያደረሱት ሰዎች ያስተማሩትን ትምህርት ሙሉ በሙሉ የተረዳው ዘግይቶ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ሱዳን ሆነ። በ1927 ዓ.ም. በሱዳን አስተዳደር ሥራ ገብቶ በሰሜን ዳርፉር ወደ ኩቱም ተላከ። የአውራጃው ሹም ጋይ ሙር በረሃን የሚያውቅ፥ ጓዝ ሳያበዛ በግመል የሚሄድ ሰው ነበር። ከእርሱ ዘንድ ቴሲጀር ጓዙን መቀነስን፥ በግመል ፈጥኖ መጓዝን፥ ከሁሉም በላይ አብረውት ከሚሄዱት ሰዎች ጋር በመሬት ተቀምጦ ከአንድ ገበታ መብላትን ተማረ። ይህ ነገር ለውጭ ሰው ትንሽ መስሎ ይታያል። በረሃ ላይ ግን ከአንድ ገበታ የሚበሉ ሰዎች የመጨረሻዋን ጕንጭ ውሃም ይካፈላሉ፤ ለየብቻ የሚበሉ ግን በችግር ቀን ለየብቻ ይሞታሉ። በ1930 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥቶ በሰሃራ በረሃ እስከ ቲቤስቲ ተራሮች በግመል ሲሄድ ይህን ትምህርት በሥራ ፈተነው።

ብዙም ሳይቈይ የተወለደበት አገር በጠላት እጅ ሳለ የሚያገለግልበት ቀን መጣ። በ1933 ዓ.ም. በዊንጌት ከሚመራው ጦር ጋር ሆኖ ወደ ጎጃም ገባ፤ ከኢትዮጵያ አርበኞችም ጋር ተዋጋ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም ጦርነቱ በየስፍራው ይካሄድ ስለ ነበር፥ በአጊባር በኢጣልያ ወታደሮች ላይ በተደረገው ሥራ ስላሳየው ጀግንነት የእንግሊዝን የጦር ኒሻን ተቀበለ። አርበኞቹ በጥቂት ስንቅ፥ የአገሩን ገደልና ምንጭ በማወቅ ብቻ፥ መድፍና አውሮፕላን ያለውን ጠላት አምስት ዓመት ሙሉ ሲታገሉ መቈየታቸውን እርሱ በቅርብ ተመልክቷል። በኋላም በ1936 ዓ.ም. ገደማ በደሴ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን አማካሪ ሆኖ ሠራ።

ሦስተኛውና ከፍተኛው ትምህርት ቤቱ የዓረብ አገር በረሃ ነው። በዚያን ጊዜ አንበጣ ለብዙ አገሮች መቅሠፍት ስለ ነበረ፥ አንበጣው የሚራባበትን ስፍራ ለማግኘት የሚሠራው የእንግሊዝ ድርጅት ቴሲጀርን ቀጠረው። ሥራው ባዶ ሩብ ወደሚባለው ታላቅ የአሸዋ በረሃ መራው። ይህ በረሃ ከ600,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቴሲጀር በ1939 ዓ.ም. እና በ1940 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ከዘላኖቹ በዱዎች ጋር አቋረጠው። ከጓደኞቹ ሁሉ ስማቸው የታወቀው ሁለት ወጣቶች፥ ሳሊም ቢን ካቢናና ሳሊም ቢን ጋባይሻ ናቸው። በዚህ ጊዜ ድንኳን አልነበረውም፤ በባዶ እግሩ ሄደ፥ እንደ እነርሱ ለበሰ፥ ቋንቋቸውን ተናገረ። ውሃው ጥቂትና መራራ፥ ምግቡም ትንሽ ቂጣ ነበረ። ከጓደኞቻቸው አንዱ ወደ ኋላ ቢቀር ሌሎቹ እስኪመጣ ድረስ ውሃ አይቀምሱም ነበር። ተርበው ሳሉ እንግዳ ቢመጣ የያዙትን ሁሉ ያቀርቡለት ነበር። እነርሱ የግመልን ዱካ አይተው የማን እንደ ሆነች፥ ከየት እንደ መጣች፥ መቼም ውሃ እንደ ጠጣች ይናገሩ ነበር። ከኦክስፎርድ የወጣው ሰው በዚህ ሁሉ ከጓደኞቹ መካከል ደካማው ተማሪ መሆኑን አልደበቀም። ትልቁ ዕውቀቱም ይህንኑ ማወቁ ነበር።

ከዚህ በኋላ ከ1943 እስከ 1950 ዓ.ም. በኢራቅ ረግረጋማ አገር ከሚኖሩት ሰዎች ጋር ለብዙ ወራት እየኖረ ተጓዘ። በ1951 እና በ1952 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ደቡቡንና ሰሜኑን በበቅሎና በእግር ዞረ። በኋለኛው ዕድሜውም ለብዙ ዘመን በሰሜን ኬንያ ኖረ። ስለ ዓረብ አገር በረሃና ስለ ኢራቅ ረግረግ የጻፋቸው መጻሕፍት ዛሬም ይነበባሉ። ወደ 38,000 የሚጠጉ የፎቶግራፍ ቅጂዎቹ በኦክስፎርድ በፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ በእነርሱም ውስጥ የአፋርን ሰዎች መልክ ማየት ይቻላል። በ1987 ዓ.ም. ከንግሥቲቱ የሰር ማዕርግ ተሰጠው። ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም. በ93 ዓመት ዕድሜው ሞተ።

ሰው ያለ ጕድለት አይሆንምና፥ የዚህም ሰው ጕድለት ሊነገር ይገባል። በወጣትነቱ ብዙ አራዊትን በአደን ገድሏል። ከዚህም የሚበልጠው፥ ጥንታዊውን ኑሮ እጅግ ከመውደዱ የተነሣ ያ ኑሮ እንዳይለወጥ መመኘቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ወደ ዓረብ አገር ሲመለስ የቀድሞ ጓደኞቹ በአውቶሞቢል ሲሄዱ አይቶ አዘነ። እነርሱ ግን አላዘኑም፤ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት አገኝተው ነበርና። ረኃብና ጥም ለእርሱ በፈቃዱ የገባበት ፈተና ነበር፤ ለእነርሱ ግን የተወለዱበት ዕጣ ነበር። አስተማሪ የሆነ ሁሉ ይህን ልዩነት ልብ ሊለው ይገባል። የቀድሞውን ዕውቀት መጠበቅ መልካም ነው፤ ዕውቀቱ እንዲጠበቅ ሲባል ግን ሰዎች በችግር ይቈዩ ማለት አይገባም። አያት የሚያውቀውን ልጅ ልጅ እንዳይረሳው የሚያደርገው ድህነት ሳይሆን ትምህርት መሆን አለበት።

ቴሲጀር ከተሰነባበተባት ጀምሮ የጅቡቲ ከተማ ብዙ ተለውጣለች። ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃነቷን አገኘች። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ከአዲስ አበባ ያገናኛታል፤ የጭነት መኪናዎችም በወጣቱ ጊዜ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረውን በረሃ በሰዓታት ያልፉታል። ከከተማዪቱ በስተ ምዕራብ፥ በአርታ ጠረፍ፥ የፈረንሳይ ጦር የበረሃ ማሠልጠኛ ስፍራ አቋቁሞ የራሱንና የሌሎች አገሮችን ወታደሮች በድንጋዩና በሙቀቱ መካከል እየፈተነ ሲያስተምር ኖሯል። እንግዲህ ቴሲጀር ከአገሩ ሰዎች በልምድ የተማረው ነገር አሁን በሥርዓት የሚሰጥ ትምህርት ሆኗል ማለት ነው።

ነገር ግን በዚያው ምድር ምንም ሳይማሩ የሚገቡም አሉ። ብዙ የኢትዮጵያ ወጣቶች ወደ የመንና ከዚያም ወዲያ ለመሻገር ሲሉ፥ ቴሲጀር ግመሎቹን በቀበረበት አካባቢ በእግራቸው አልፈው በታጁራ በኩል ወደ ኦቦክ ይሄዳሉ። በእጃቸው ያለው አንድ ጠርሙስ ውሃ ነው፤ መንገዱን የሚያሳያቸው ሰውም አንዳንድ ጊዜ ገንዘባቸውን ተቀብሎ ጥሏቸው ይሄዳል። በመንገድ በጥም የሞቱ፥ በድንጋይ ክምር ሥር የተቀበሩ ብዙዎች ናቸው። በ23 ዓመቱ የተነሣው እንግሊዛዊ ግመልና ዘብ፥ ቋንቋ የሚያውቅ ዑመር፥ የሱልጣን ፈቃድም ነበረው፤ እንዲያም ሆኖ ለጥቂት ተረፈ። እነዚህ ልጆች ከዚህ ሁሉ አንዱ እንኳ የላቸውም።

ስለዚህ የቴሲጀር ሕይወት ስለ ጀግንነት ብቻ የሚነገር ታሪክ አይደለም። በበረሃ ሰውን የሚያተርፈው የክንድ ብርታት ሳይሆን ዕውቀትና ባልንጀርነት መሆኑን ያስረዳል። የዕውቀቱም ባለቤቶች ውሃው ያለበትን የሚያውቁት የአገሩ ሰዎች መሆናቸውን ያስተምራል። የበረሃን ርዝመት፥ የሙቀቱን ኃይል፥ ሰው በቀን የሚያስፈልገውን ውሃ፥ መንገደኛን የሚሸጠውን ሰው ተንኰል በክፍሉ ውስጥ በግልጥ የሚናገር መምህር፥ በአርታ ጠረፍ እንደሚያስተምረው አሠልጣኝ ሁሉ የሰው ነፍስ ያተርፋል። ከዚያም አልፎ ወጣቱ በአገሩ ሠርቶ የሚኖርበትን ሙያ ቢያስጨብጠው፥ ያ ልጅ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ መውረድ ባላስፈለገው ነበር።